ዳንሊን ወደብ የለቀቀችበት ሰዓት

ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ሥር ስሜ የተጻፈበት ፖስታ ወድቆ አገኘሁ። በስሜ ደብዳቤ የሚልክልኝ የጥርስ ሐኪሜ ብቻ ስለሆነ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ከፈትኩት። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ነው። ስለ ዳንሊን የጻፍኩት የአገልግሎት ታሪክ፣ ስድስቱም ገጽ፣ አንድ መስመር ሳይቆረጥ፣ መስተዋት ገብቶለት ለኤግዚቢሽኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ይላል። ከሥሩ ስሜ አለ። የአባቴን ስም ሳይቀር ፊደል ሳይሳሳቱ ጽፈውታል፤ ይሄ እዚህ አገር ለብቻው ዜና ነው። እማዬ ሥራ ስለነበረች የምነግረው ሰው አጣሁ። ሊፍቱ ያለወትሮው እየሠራ ነበር፤ እኔ ግን መጠበቅ አቅቶኝ ደረጃውን ከአራተኛ ፎቅ እስከ አንደኛ በሩጫ ወረድኩና የሚስ ዶሪንን በር አንኳኳሁ።

ዳንሊን ሰው አይደለችም። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የተሠራች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ናት፤ ዲስትሮየር ከሚባሉት። ዲስትሮየር ቀጭንና ፈጣን ነው፤ ትልልቆቹን የጦር መርከቦች ከቶርፒዶ፣ ከውሃ ሥር ከሚተኮስ ፈንጂ፣ ለመጠበቅ በዙሪያቸው ሲሯሯጥ ይውላል። ስሟን ያወጡላት በአንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ወፍ ነው። ባለፈው ኦክቶበር ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ሆሎዌይ ነው፤ አማርኛ እሰማለሁ፣ እናገራለሁ፤ መጻፍ ሲባል ግን በየትኛውም ቋንቋ ሆዴን ያመኝ ነበር። ከሁለት ገጽ በላይ የጻፍኩት ነገር አልነበረኝም።

ሚስ ዶሪን ከእኛ ሦስት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ የሰማንያ ስድስት ዓመት እንግሊዛዊት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦና ወተት እገዛላቸዋለሁ። በዚያ ኦክቶበር ቤተ መጻሕፍቱ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከሰፈራችን የዘመቱ ሰዎችን ስም እየሰበሰበ ነበር። ፎርሙን ወሰድኩላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ቅዳሜን ሳልጠብቅ ጎራ ስል ከዳቦው ሣጥን ሥር ታጥፎ አየሁት።

«አልሞሉትም እንዴ?» አልኳቸው። «አባቴ መርከበኛ ነበር ብለውኝ አልነበር?»

«ነበር» አሉ። «ዳንሊን የምትባል መርከብ ላይ ከሰል ወደ እሳት የሚያጎርስ፣ ስቶከር። ግን አንድ ቀን መርከቧ ወደብ ለቅቃ ስትሄድ እሱ አልነበረባትም። አጎቴ እስኪሞት ድረስ ከሃዲው እያለ ነው የሚጠራው። አባቴ ሲሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?»

ከዚያ ፎርሙን አወጡና በመዳፋቸው አለሰለሱት። «ከድቶ ከሆነ፣ ካልከዱት ሰዎች ጎን ስሙን አላሰልፍም። ካልከዳ ግን ዊሊያም ፕራት ተብሎ በትልቁ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። የቱ እንደሆነ አላውቅም። የመቀበያው ቀን ደግሞ ዓርብ ያልቃል።»

ዕለቱ ሰኞ ነው። የዕረፍት ሳምንት ስለነበር ትምህርት የለኝም። «እኔ ቼክ አድርጌ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው፤ ልክ ወተት አለቀ አላለቀ እንደማየት።

ማታ ለእማዬ ስነግራት «መርከብ ከሆነ ጋሽ ተክሌን መጠየቅ ነው እንጂ» አለች። ጋሽ ተክሌ ኬንቲሽ ታውን የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው። እዚህ አገር መኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ መሆናቸውን እንጂ፣ ወጣት ሳሉ ምጽዋ የባሕር ኃይል ውስጥ እንደነበሩ አላውቅም ነበር። ስደውልላቸው ካፌ ነበሩ፤ ከኋላቸው የሰው ጭቅጭቅ ይሰማል።

«የአገር ቤቱ ምርጫ ካለፈ ስንት ጊዜው ነው፤ ይሄ ካፌ ገና ድምፅ እየቆጠረ ነው» አሉኝ። «የመርከብ ወሬ ካለሽ እንዲያውም ነገ ጠዋት እንሂድ፣ ልጄ።»

የመንግሥት መዝገብ ቤቱ ከለንደን በስተ ምዕራብ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ስንገባ ቦርሳችንን ቁልፍ ባለው ሣጥን አስቀመጡብን፤ እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ ነው። የዳንሊን የዕለት ውሎ መዝገብ በስፖንጅ ትራስ ላይ ተደርጎ መጣ፤ ያመጣው ሰው ሕፃን የሚያስተኛ ነው የሚመስለው። ሚስ ዶሪን ወሩንና ወደቡን ነግረውኝ ስለነበር የምንፈልገውን ጥራዝ አላጣነውም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሰልችቶኝ እንደምወጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ ጋሽ ተክሌ ገለጡት። ለእያንዳንዱ ቀን የራሱ ቦታ አለው። ከላይ የጠዋቱ ሰዓት ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ ከታች የከሰዓቱ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት። ከየሰዓቱ ጎን ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ ባሕሩ እንዴት እንደነበረ፣ የአየር ግፊት መለኪያው፣ ባሮሜትሩ፣ ስንት እንዳለ፣ መርከቧ ምን ያህል እንደሄደች። በየአራት ሰዓቱ ፈረቃውን የሚያስረክበው መኮንን ይፈርማል። ገጽ ቢገለጥ፣ ገጽ ቢገለጥ፣ ባዶ መስመር የለም። ጦርነት ላይ ሆነው፣ ሰው ሳይተኛ፣ መርከቧ ስትናጥ፣ አንድ ሰው በየሰዓቱ ተነስቶ የባሮሜትር ቁጥር ጽፏል። አንድ ቦታ ላይ ጽሑፉ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ማዕበል ነዋ። ጠረጴዛው ሲዘል እጅም አብሮ ይዘላል። እኔም እንደዚህ ጽፌያለሁ» አሉ ጋሽ ተክሌ። ከገጹ ጠርዝ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ ነበር፤ የከሰል ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የኖረ ሰው ጣት ከጣቴ አጠገብ።

ቀኑን አገኘነው። ከዋዜማው ላይ በትልቁና በግልጹ የተጻፈውን መስመር ራሴ አንብቤ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ፤ ግማሹ ሠራተኛ እስከ ማግስቱ ጠዋት ሰባት ሰዓት ወደ ከተማ የመውጫ ፈቃድ ተሰጥቶታል። ቀጣዩን ገጽ የጻፈው መኮንን ግን የእጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። እኔ አልቻልኩም። ጋሽ ተክሌ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሰው በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ።

«ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ገመድ ፈትታ ወደብ ለቀቀች። ወደ ሰሜን። ስቶከር ፕራት አልተመለሰም።»

ጻፍኩ፤ አራት ሰዓት። ከዚያ ወደ ላይኛው መስመር ተመለከትኩ፤ ፈቃድ እስከ ሰባት ሰዓት። ሰባት ሰዓት ተመለስ የተባለ ሰው፣ መርከቧ አራት ሰዓት ላይ ከሄደች፣ ምን አጠፋ? እሷ ናት ጥላው የሄደችው። ጋሽ ተክሌ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተው ስለነበር ያሰብኩትን አልነገርኳቸውም። ከተመለሱ በኋላም ቀኑን ሙሉ ከሌሎች ገጾች እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ ከሰል ሲጫን፣ የእንፋሎቱ ቦይለር ሲጠረግ፣ የሰመጠ የንግድ መርከብ ሰዎችን ሲያወጡ፣ እሑድ ጠዋት ጸሎት ሲደረግ። ደብተሬን አቅፌ ወደ ቤት ሄድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሚስ ዶሪን ዘንድ ገባሁና ቁጭ እንኳን ሳልል «አልከዳም» አልኳቸው። «ድንገተኛ ትእዛዝ መጥቶ ነው። ፈቃዱ ሳያልቅ ነው ጥለውት የሄዱት። በሰዓቱ መጥቶ፣ ወደቡ ላይ ቆሞ፣ ጭሷን ብቻ ነው ያየው።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። መዝገቡ ውስጥ ድንገተኛ ትእዛዝ የሚል ቃል የለም። ወደቡ ላይ የቆመም፣ ጭስም የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ስናገረው እንዴት እንደሚያምር እየሰማሁ ነበር።

 «ሰማህ፣ አጎቴ?» አሉ ሚስ ዶሪን ወደ ባዶው ወንበር። ፎርሙን ሞሉ፤ የሞሉትም እኔ እንዳልኳቸው ነው፤ መርከቧ ፈቃዱ ሳያልቅ ጥላው ሄደች። ሻይ አፈሉ። ደስ ብሏቸው ስለነበር «በይ ሌላም አንብቢልኝ፤ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?» አሉኝ። ደብተሬን ገልጬ አነበብኩ። እሑድ ላይ ስደርስ፤

«ጠዋት አራት ሰዓት፣ ጸሎት።»

ሳቅ አፈናቸው። «አራት ሰዓት? በጨለማ? እናቴ እኮ ከረፋዱ በአሥራ አንድ ሰዓት እንኳን ቤተ ክርስቲያን ልትወስደው አልቻለችም። ምስኪን አባቴ።»

እኔም ሳቅሁ። ጸሎቱ ግን እኔን ምንም አልገረመኝም ነበር። እኛ ቤት እሑድ ሌሊት ተነስቶ ለቅዳሴ መሄድ የተለመደ ነው፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሚጸልይ መርከበኛ ለእኔ የአጎቴ ልጅ ማለት ነው። ኩባያዬን አንስቼ አንድ ጉንጭ ከጠጣሁ በኋላ ነው ሳቄ የቆመው። እንግሊዞች አራት ሰዓት ላይ አይጸልዩም። እንግሊዞች አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚጸልዩት። አሥር ሰዓት ደግሞ በእኛ ሰዓት ስንት ነው?

ጋሽ ተክሌ የነገሩኝ በሐበሻ ሰዓት ነው። እኔ የጻፍኩት እንደ ለንደን ሰዓት ነው። ራሴ የገለበጥኩት የፈቃዱ ሰባት ሰዓት ብቻ ትክክል ነው። አንድ ደብተር ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ሥር፣ የሁለት አገር ሰዓት ጽፌያለሁ።

«ምነው፣ ሻዩ አልጣመሽም?» አሉኝ ሚስ ዶሪን።

«ጥሩ ነው» አልኩ። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዓርብ ራሴ እወስደዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ለጋሽ ተክሌ ደውዬ ነገርኳቸው። «ወይ ጉድ። ልጄ፣ እኔ እዚህ አገር ስንት ዘመኔ፣ ዓይኔ አሥር ያያል፣ አፌ አራት ይላል» አሉ። «የእኔ ጥፋት ነው።»

«የእኔ ነው። እርስዎ ለሐበሻ ልጅ ነው የነገሩት፤ የጻፈችው ፈረንጇ ናት።»

«እንግዲያው ነገ ሐበሻዋንም ፈረንጇንም ይዘሻቸው ነይ» አሉኝ።

ሐሙስ መዝገብ ቤቱ ሲከፈት በር ላይ ነበርን። ገጹን ገለጥነው። አሥር ሰዓት ነው። ዳንሊን የሄደችው ፈቃዱ ካለቀ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ዊሊያም ፕራት ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጠበቅ አልመጣም።

እንባዬ መጣ። «ጋሽ ተክሌ፣ ባንነግራቸውስ? ደስ ብሏቸዋል። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ማን መጥቶ መዝገቡን ያያል?»

ጋሽ ተክሌ አልተቆጡኝም። ጣታቸውን በባሮሜትሩ ዓምድ ላይ፣ ወረቀቱን ሳይነኩ፣ ከላይ ወደ ታች አወረዱ። «ይሄን የጻፈው ሰው ማን ያይልኛል ብሎ ነው?» አሉ። ቀጥለው «ደግሞ ገና አልጨረስንም። መርከብ ሰው ሲጎድልባት ትጽፋለች፤ ሰው ሲመጣላትም ትጽፋለች። እኔ ስድስት ዓመት ጽፌያለሁ። ግለጪ» አሉኝ።

ገለጥኩ። አሁን እያንዳንዱን ሰዓት ሁለት ጊዜ እየጠየቅኳቸው ነው፤ «በማን ሰዓት?» ስላቸው በጣታቸው ያሳዩኛል። ዳንሊን ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ከባድ ባሕር። አንድ የነፍስ አድን ጀልባ በማዕበል ተወሰደባት። ሁለተኛ ቀን፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ከሌላ መርከብ የመጡ ሁለት ሰዎች ስማቸው ተጽፏል፤ ፕራት አይደሉም። አንድ የታመመ ወደ ሆስፒታል ሲላክ ተጽፏል። ስድስተኛ፣ ሰባተኛ። ስምንተኛው ቀን ላይ ከነፋስ በቀር ምንም የለም። አዳራሹ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል አሉን።

ዘጠነኛው ቀን። ዶሮ የጫረው የሚመስለው ያው እጅ። ጋሽ ተክሌ አጎንብሰው አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ምን ይላል?»

ቃሉን እንዳያጠፉት የፈሩ ይመስል በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው አነበቡት። ስቶከር ፕራት ከዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ወደ መርከቧ ተመለሰ። ለአዛዡ ይቀርባል። ከዚህ ሌላ የለም። በቀጣዩ መስመር ባሮሜትሩ እየወረደ ነው።

መርከቧ ከለቀቀችው የምሥራቅ ጠረፍ ወደብ እስከዚያ ሰሜን ድረስ ዘጠኝ ቀን በምን እንደመጣ፣ ማንን እንደለመነ፣ የት እንዳደረ መዝገቡ አይልም። ካርታ ላይ ርቀቱን በጣቴ ለካሁት። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ባሕር፣ ወደሚቀጣበት ቦታ።

በቀጥታ ወደ ሆሎዌይ ተመለስን። ጋሽ ተክሌ አውቶቡስ ውስጥ ከኪሳቸው ከረባት አውጥተው አሰሩ። ሚስ ዶሪን በሩን ሲከፍቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ከረባቱን አዩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስሕተቴን፣ የሁለቱን አገር ሰዓት፣ ጭሱን ከየት እንዳመጣሁት። ጋሽ ተክሌ መሐል ገብተው አላገዙኝም፤ ኮፍያቸውን በጉልበታቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ።

«ስለዚህ ዘግይቷል» አሉ ሚስ ዶሪን።

«አዎ። ሦስት ሰዓት።»

«አጎቴ ልክ ነበር ማለት ነው።»

«እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ» አሉ ጋሽ ተክሌ በእንግሊዝኛ።

ሚስ ዶሪን ወደ እሳቸው ዞሩ። «ይዘው አምጥተውት ቢሆንስ? ፖሊስ ይዞት?»

«ሰው በጠባቂ ሲመጣ በጠባቂ መጣ ተብሎ ይጻፋል። እኔ ራሴ የጻፍኩበት ጊዜ አለ፤ የሚዘለል ነገር አይደለም። እዚህ አልተጻፈም። ሰውየው ብቻውን ነው የመጣው፣ እመቤቴ።»

ሚስ ዶሪን ፎርሙን አንስተው ትናንት የሞሉትን በአንድ መስመር ሰረዙት። እኔ ተሸማቅቄ ወለሉን አያለሁ። ቀና ስል ለካ እየሳቁ ነው፤ በዓይናቸው እንባ ሞልቶ።

«ሦስት ሰዓት» አሉ። «እናቴ ለሠርጉም ዘግይቶ ነው የመጣው ትል ነበር። ትናንት የነገርሽኝን ሰው ወደድኩት፤ ግን አላወቅኩትም። ይሄኛውን አውቀዋለሁ።» እስክሪብቶውን ሰጡኝ። «ጻፊ። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ሦስቱን ሰዓት ጻፊ፤ እንዳትዘልይው። ከዚያ ዘጠኙን ቀን።»

ጻፍኩ። ዊሊያም ፕራት፣ ስቶከር፣ ሦስት ሰዓት ዘገየ፣ መርከቧም ሄደች፤ በዘጠነኛው ቀን በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ማንም ሳያመጣው ተመለሰ። በሕይወቴ የጻፍኩት ምርጥ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው፤ አንድም ቃል ግን የጨመርኩበት የለም።

ዓርብ ፎርሙን ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠሁ። የተቀበለችኝ ሴት አንብባው ቀና አለችና «የቀረውን የመርከቧን ታሪክ ማን ያውቀዋል?» አለችኝ። «እኔ» ስላት ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች ከጋሽ ተክሌ ጋር ሆኜ ዳንሊንን ከተሠራችበት ቀን ጀምሮ ተሰባብራ ለብረት እስከተሸጠችበት ድረስ ተከተልኳት። ስድስቱ ገጽ የመጣው ከዚያ ነው።

ከዚህ በፊት መጻፍ ማለት ማሳመር ይመስለኝ ነበር፤ የሚያምር ነገር ስለማይመጣልኝም አልጽፍም ነበር። አሁን ስጽፍ ያ በየሰዓቱ የሚነሳው ሰው ይታየኛል። ያየውን ጽፎ ፈርሞ ይወርዳል። እናንተም እንደ እኔ መጻፍ የሚያስፈራችሁ ከሆነ፣ ከዚያ መጀመር ይቻላል። ይሄን በአማርኛ የጻፍኩትም ያንኑ ድፍረት ይዤ ነው፤ እማዬ ያረመችው ሁለት ቦታ ብቻ ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ግን ለእኔ ብቻ የተጻፈ አይደለም። መዝገቡን እንዳነብ ማን እንዳገዘኝ ለቤተ መጻሕፍቱ ሴት ነግሬያት ነበር፤ እሷም የጋሽ ተክሌ መርከብ ታሪክስ የት ይገኛል ብላ ጠይቃኛለች። ያ ታሪክ የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ኤግዚቢሽኑ ክፍት በሚሆንባቸው ቅዳሜዎች፣ ከምሳ በኋላ፣ ከዳንሊን አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥልናል ይላል ደብዳቤው። ምጽዋም ይሁን አሰብ፣ መርከብ ላይ የሠራችሁ፣ አባታችሁ ወይም ባላችሁ የሠራ፣ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል። እኔ እጽፋለሁ፤ ጋሽ ተክሌም የመጀመሪያው ተናጋሪ ለመሆን ተስማምተዋል። ወረቀት ከሌላችሁ ግድ የለም። የምታስታውሱትን ይዛችሁ ኑ፤ የዘገያችሁበትን ቀን ጨምሮ።